ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው የደሴ ገንዘብ

ኮምቦልቻ የሚያስፈልጋት አልጋ ነው ወይስ ገንዳ?

ደሴ ሱቅ ያለው ወይም ኮምቦልቻ መጋዘን የያዘ አባወራ ልጆቹን ውሃ ላይ ሊያንሸራትት፣ አንድ ሌሊትም ከቤት ውጭ ሊያሳድር ካሰበ የሚያደርገው የታወቀ ነው። መኪናውን ነዳጅ ሞልቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወርዳል። ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴን፣ አጣዬን፣ ሸዋ ሮቢትን ይቆርጣል። ጣርማ በርን ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ምሳ በልቶ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ አድሮ በማግስቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ በር ላይ ይሰለፋል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 900 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው።

ይህ ሁሉ መንገድ የሚቆረጠው ልጆች ለአምስትና ለስድስት ሰዓት ውሃ ውስጥ እንዲንቦጫረቁ ነው። ከኪስ የሚወጣውን ላሰላ ሰው የሚያስገርመው የመግቢያው ዋጋ አይደለም። ትልቁን ገንዘብ የሚበላው ነዳጁ፣ የአዲስ አበባ ሁለት ሌሊት አልጋ፣ የመንገድ ምግብና «እግረ መንገዳችንን» እየተባለ መርካቶ ላይ የሚፈታው ብር ነው። እናት ለቤት፣ አባት ለሱቅ አንዳንድ ነገር ሳይገዙ አይመለሱም። ስለዚህ የቤተሰብ ሽርሽር የሚባለው ወጪ ከወሎ ገበያ ወጥቶ ሌላ ገበያ ላይ የሚራገፍ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ገንዘብ የያዙ ሰዎች ይህን አያጡትም። ነገር ግን ብር ሲተርፍ የሚሄደው በለመደው መንገድ ነው። መሬት ይያዛል፣ ሕንፃ ይቆማል፣ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ አልጋ ይሆናል። ሐሳቡ ወደ መዝናኛ ሲዞርም አብሮ የሚመጣው ቃል «ሪዞርት» ነው፤ ሪዞርት ሲባል ደግሞ በቅድሚያ የሚጠየቀው ስንት ክፍል አለው የሚለው ነው። የሒሳቡ ስህተት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ይመስላል።

ኩሪፍቱ የሸጠው ምንድን ነው?

የኩሪፍቱ ባለቤት አቶ ታዲዎስ ጌታቸው በለጠ አሜሪካ ቦስተን ውስጥ በፀጉርና በውበት ሥራ ቆይተው የተመለሱ ባለሀብት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ቦስተን ስፓን ከፈቱ፤ ቀጥሎ ቢሾፍቱ ላይ በትንሿ የኩሪፍቱ ሐይቅ ዳር ሪዞርታቸውን ሠሩ። የውሃ ፓርኩ የመጣው ከዓመታት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባል። አልጋው ቀደመ፣ ገንዳው ተከተለ።

ሁለቱ የሚሸጡት ዕቃ ለየቅል ነው። ክፍል በሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ይሸጣል፤ ሃምሳ ክፍል ያለው ከሃምሳ በላይ ሊሸጥ አይችልም። በር ላይ የሚቆረጥ ትኬት ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለበትም። ያው ውሃ፣ ያው መንሸራተቻ፣ ያው የሞገድ ገንዳ በአንድ ቀን ለመቶም ለሺም ሰው ይሸጣል። በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ የዋለ ሕፃን ይርበዋል። ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት እንዲህ ባሉ ቦታዎች በአብዛኛው አይፈቀድም፤ በዋና ልብስ ያለ ቤተሰብም ለምሳ ብሎ ከተማ አይወጣም። ትኬቱ ሰውን ወደ ግቢው ያስገባዋል፤ ትርፉን የሚያመጣው ወጥ ቤቱ፣ ለስላሳው፣ ፎጣውና ፎቶው ነው። የሆቴል ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ይሁንና ቢሾፍቱን ያቆማት ሐይቁ ብቻ አይደለም። የቢሾፍቱ ዋና ሀብት አዲስ አበባ ነው። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የመዲናዋ ሰው ቁርሱን ቤቱ በልቶ፣ ቢሾፍቱ ውሎ፣ እራቱን ቤቱ ሊበላ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። በዚያው ቆጠራ በደሴ ከተማ 120,095፣ በኮምቦልቻ ከተማ 58,667 ነዋሪ ተመዘገበ። ሁለቱ ተደምረው የአዲስ አበባን አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ ባይደረግም ሁሉም ከተሞች ማደጋቸው ግልጽ ነው፤ የመጠኑ ልዩነት ግን ያው ነው። ቢሾፍቱ አይቶ ተደንቆ የተመለሰ ባለሀብት ያየውን እንዳለ ኮምቦልቻ ላይ ልትከል ቢል ገንዳው ሰፍቶት ሰው ያጥረዋል።

ፈላጊው ላይ፣ ቦታው ታች

የሁለቱ ከተሞች ጉርብትና ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተሸጉጣ ያለች ከተማ ናት። ሰዉና ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው፤ ብርዱም እዚያው ነው። ሜዳ የለም ማለት ይቻላል። ያለው ተዳፋትም የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋው ስለሆነ ብዙ ቶን ውሃ የሚይዝ ገንዳ ለመትከል የሚመረጥ አይደለም። ጧት ጉም በሚሸፍነው የደሴ አየር ልጁን ልብስ አስወልቆ ውሃ ውስጥ የሚከት ወላጅም ብዙ አይገኝም።

ኮምቦልቻ ደግሞ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ሙቀቱም ሜዳውም አላት። ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የጨርቃ ጨርቁና የቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና አየር ማረፊያው ያሉት እዚያ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲም አንድ እግሩን ደሴ፣ አንድ እግሩን ኮምቦልቻ አድርጓል። የደሴ ሰው «ሙቀት ልቅመስ» ብሎ ኮምቦልቻ መውረዱ ዛሬ የተጀመረ ልማድ አይደለም። ሐረጎን የሚወርድ ሚኒባስ ተሳፋሪ አጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ገበያው ከቢሾፍቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ፣ ነገር ግን ቅርብ ነው። ገበያው ቅርብ መሆኑ ደግሞ አልጋውን ነው የሚጎዳው።

የፓሪስ ነገር

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ያለው በቢሊዮን ዶላር በተከፈለበት ትምህርት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1992 የአሜሪካው ዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ከፓሪስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዩሮ ዲዝኒ የተባለውን ፓርክ ከፈተ። ፓርኩ ሲከፈት አብረውት የተከፈቱት ሆቴሎች 5,200 ያህል ክፍል ነበራቸው። ሰው አልጠፋም፤ መጣ። ነገር ግን ጧት በባቡር ይመጣና ማታ በባቡር ይመለሳል። ፓሪስን የሚያህል ከተማ በአጠገቡ እያለ ለአልጋ የሚከፍልበት ምክንያት አልታየውም። ክፍሎቹ ባዶ አደሩ፣ የባንክ ወለዱ ግን አላደረም። ኩባንያው በሁለት ዓመት ውስጥ ዕዳው እንዲሸጋሸግለት ከአበዳሪዎቹ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1994 የሳዑዲው ልዑል አልዋሊድ ቢን ታላል ገንዘብ ይዘው አክሲዮን ገቡ። የፓርኩ ስምም ዲዝኒላንድ ፓሪስ ተባለ።

ከፓሪስ 30 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር። የደሴ አባወራ ኮምቦልቻ ውሎ ማታ ቤቱ ከመግባት የሚያግደው ምንድን ነው? ምንም። ኮምቦልቻ ላይ ለደሴ ቤተሰብ ተብሎ የሚሠራ የሪዞርት ክፍል ሙሽሮችን ሊያስተናግድ ይችላል፤ አምስት ነፍስ የያዘ ቤተሰብን ግን በየሳምንቱ አያገኝም።

ሌላው ገጽታ ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ላይ ሲከፍቱ ገንዘባቸው ሁሉ ግቢው ውስጥ አልቆ ነበር። በዙሪያው ያለውን መሬት ሊገዙ አልቻሉም። በፓርኩ ስም የተጠራው ሆቴል እንኳ ጃክ ራዘር በተባሉ ሌላ ባለሀብት የተሠራ ነበር። አጥሩን ተከትሎ የበቀለው ሞቴልና ምግብ ቤት ሁሉ ዲዝኒ በጠራው ሰው ተጠቀመ። ሰውዬው ይህን አልረሱትም። ፍሎሪዳ ላይ ሁለተኛውን ሲያቅዱ በሌሎች ኩባንያዎች ስም ተደብቀው 27,000 ኤከር ያህል መሬት ገዙ።

እኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የፍሎሪዳው ብልጠት አይሠራም። ኮምቦልቻ ላይ ገንዳ የሚከፍት ሰው የአናሃይሙ ዕጣ ሊደርሰው ይችላል፤ አጠገቡ ያለ ሆቴል፣ ሥጋ ቤትና ጁስ ቤት ያለ ድካም ይጠቀማል። ይህ መጥፎ የሚመስለው ግን ላይ ላዩን ሲታይ ነው። አልጋው ቀድሞ አለ፤ ሌላ ሰው ሠርቶታል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። የኮምቦልቻ ሆቴል ዋና እንግዳ ፋብሪካና መጋዘን ሊጎበኝ፣ ዕቃ ሊጭን፣ ስብሰባ ሊቀመጥ የሚመጣ ነው፤ ይህ እንግዳ የሥራ ቀን እንግዳ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን የቤተሰብ ቀን ነው። ከወልዲያ፣ ከመርሳ፣ ከባቲ የሚመጣ ቤተሰብ ማደር ከፈለገ ፓርኩ ከሁለትና ከሦስት ሆቴሎች ጋር ተዋውሎ አልጋና ትኬት አንድ ላይ ሊሸጥ ይችላል። ኮሚሽን መቁረጥ ለወሎ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት የበዓል ሰሌዳ

ከቢሾፍቱ ተቀድቶ የማይመጣ፣ እዚሁ ተጠንቶ ብቻ የሚገኝ ነገርም አለ። ወሎ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤተሰብ፣ በአንድ ቡና ይገናኛሉ፤ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን ቢላዋው ይለያያል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁሉንም ላብላ የሚል ባለፓርክ ሁለት ማብሰያ፣ ሁለት ማቀዝቀዣ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ማዘጋጀት አለበት። በአንድ ወጥ ቤት ልሥራ ካለ ግማሹን ደንበኛ ምሳ ሰዓት ላይ ያጣዋል። ትርፉ ያለው ምሳው ላይ ነው ከተባለ ደግሞ ይህ ትንሽ ኪሳራ አይደለም። ዓሣው፣ ሽሮው፣ በየዓይነቱ፣ ጁሱና ኬኩ ሁሉንም ያገናኛልና የምግብ ዝርዝሩን በዚያ መጀመር ብልህነት ነው።

የሴቶች ጉዳይም አለ። ባሏና ልጆቿ ሲዋኙ ቦርሳ ይዛ ዳር የምትቀመጥ እናት ብዙ ናት፤ ሃይማኖተኛ የሆነች የሙስሊም እመቤት ወንድ ባለበት ገንዳ አትገባም፤ የክርስቲያኗም እናት ቢሆን ጎረቤት በሚያያት ቦታ በዋና ልብስ ለመታየት አትደፍርም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ወይም በቀን የተወሰነ ሰዓት ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ የተለየ፣ ሠራተኞቹም ሴቶች የሆኑበት ገንዳ ያዘጋጀ ሰው ማንም ያልነካውን ገበያ ያገኛል። ከዚህ አካባቢ ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሄዱ ሰዎች እንዲህ ያለውን አሠራር እዚያ ለምደውታል። ለበዓል ሲመጡም ዘመድ ሰብስበው ወጪውን የሚችሉት እነርሱ ናቸው።

ቀን መቁጠሪያውን ለሚያነብ ሰው ደግሞ ነገሩ ወዲህም ወዲያም ነው። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ መስቀል በአንድ በኩል፣ ሁለቱ ኢዶችና መውሊድ በሌላ በኩል፤ ሌላ ከተማ ዓመቱን በአንድ ሰሌዳ ሲጠብቅ ኮምቦልቻ በሁለት ትሠራለች። ጾሙም እንዲሁ ሁለት ነው። በረመዳን የቀኑ በር ይቀዘቅዛል፤ ማታ ከፉጡር በኋላ ግን መብራት ያለው የአትክልት ቦታና ለልጆች ዥዋዥዌ ያዘጋጀ ሰው አይከስርም። በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሰሞን ገጠሙ፤ እንዲህ ሲሆን የቀዘቀዘው ወቅት አንድ ጊዜ ቀዝቅዞ ያልፋል። ረመዳን በየዓመቱ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ግን በ2022 ዓ.ም. ገና በዓል አካባቢ ይገባል። የዛሬ ብድር የሚከፈለው በእነዚያ ዓመታት ስለሆነ ከአሁኑ መታሰብ ያለበት ነው።

ትልቁ እንቅፋት ክረምቱ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡም ሐምሌና ነሐሴ። ልጆች ነፃ በሚሆኑበት ጊዜ ሰማዩ ይዘጋል። ቢሾፍቱም ከዚህ አላመለጠችም። መፍትሔው ጣሪያ ነው፤ ከገንዳዎቹ ቢያንስ አንዱ የተሸፈነ፣ አጠገቡም ልጆች በዝናብ ቀን የሚጫወቱበት አዳራሽ ያለው መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላይ ኤድና ሞል ፊልምና የልጆች ጨዋታን በአንድ ጣሪያ ሥር አድርጎ ለዓመታት ሰው መሳቡ ለዚህ በቂ ምሳሌ ነው።

ውሃውና መለዋወጫው

ቦርከና በከተማዋ አጠገብ ያልፋልና ውሃ አለ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበል ወንዝ ለገንዳ አይሆንም። ጉድጓድ መቆፈር፣ ውሃውን ማስመርመር፣ አጣርቶ መልሶ የሚያዞር ፓምፕና ክሎሪን የግድ ነው። ገንዳ አንዴ ከተሞላ ያንኑ ውሃ እያጠራ ስለሚጠቀም ብዙ ሰው እንደሚፈራው በየቀኑ ወንዝ አይጠጣም። መብራት ሲጠፋ ግን ማጣሪያው ይቆማል፤ ማጣሪያው የቆመበት ገንዳ በሙቀት አገር በሁለት ቀን ይለመልማል። ጄኔሬተሩ ስለዚህ ለሙዚቃ ሳይሆን ለጤና የሚገዛ ዕቃ ነው። የሰለጠነ ሕይወት አዳኝ ዋናተኛ መቅጠርም እንዲሁ ነው። አንድ ልጅ ሰጠመ የሚለው ወሬ ከኮምቦልቻ ደሴ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር አያግደውም።

መንሸራተቻውና ፓምፑ በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። በድሮ ዋጋ ተጠንቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የመዝናኛ ፕሮጀክት ካለ እንደገና መጻፍ አለበት። አንድ ማጽናኛ አለ። ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ ዞሮ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሲደርስ አዲስ አበባን ማየት አያስፈልገውም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ አገልግሎቱ ዓመታት ስለዘገየ በእርሱ ላይ የሚቆም ሒሳብ አይሠራም።

ሐይቅስ?

ይህ ሁሉ ሲባል ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የሐይቅ ውሃ አይረሳም። 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ጥልቅና ንጹሕ ገጽታ ያለው ሐይቅ ነው። ዳሩ ላይ ዓሣ ተጠብሶ ይበላል፣ በጀልባ ይዞራል። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው፤ ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ግን ቤተሰብ ተሟልቶ ሊጎበኘው አይችልም። ሎጎ ሐይቅ በገበታ ለትውልድ ከታቀፉት ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ከተሰየመ ወዲህ የመንገዱን ዳር የሚያወራ ደላላ በዝቷል። በዚያው ክልል ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ተሠርቶ በ2016 ዓ.ም. መመረቁም ወሬውን አሙቆታል።

መሬት ለመያዝ የሚሮጥ ሰው አንድ ነገር መለየት ይኖርበታል። ሐይቅ ለማደሪያ የሚመች ነው፤ እይታው፣ ጸጥታውና ሙሽራው እዚያ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ፣ ወደ ላሊበላ የሚያልፍ ጎብኚ ክፍል የሚይዘው ሐይቅ ዳር ነው። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ግን እይታ አይገዛም። ጥልቅ ውሃ ዳር የልጅ ጨዋታ ማዘጋጀትም ለወላጅ ጭንቀት ነው። ሐይቅ አልጋውን፣ ኮምቦልቻ ገንዳውን፣ ደሴ ደግሞ ሰዉን ቢያቀርቡ በ55 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የሁለት ቀን ሽርሽር ይሞላል። ሦስቱም በየፊናቸው ሁሉን ነገር ልሥራ ካሉ ግን ሦስት ግማሽ ነገር ይኖራል።

የ2014 ትዝታ

ገንዘብ ያለው ሰው ዝም የሚልበት ዋናው ምክንያት ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለም። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ፋብሪካው፣ ሆቴሉ፣ ሆስፒታሉ፣ ሙዚየሙ ሳይቀር ተዘረፈ። ፍራሽና ቴሌቪዥን የተጫነበትን ሆቴል ባለቤቱ ተመልሶ ሲያይ የተሰማውን ሁለቱም ከተሞች ያውቁታል። ተራ የእሳትና የሌብነት ኢንሹራንስ ጦርነትን እንደማይሸፍን ብዙ ሰው የተረዳው ያኔ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም መንገዱ የሚዘጋበት፣ የሚከፈትበት ጊዜ ተፈራረቀ።

መንገድ ሲዘጋ የደሴ ቤተሰብ ቢሾፍቱን ይተዋል፤ ልጆቹ ግን መጫወት አይተዉም። የቅርቡ ገበያ የሚጠነክረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ደግሞም ከጦርነቱ ዘረፋ አንድ የሒሳብ ትምህርት ይወጣል፤ በመኪና ተጭኖ የሚሄደው አልጋ፣ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ነው። የሲሚንቶ ገንዳ የትም አይሄድም። ፓምፑ ይነቀላል፣ ገንዳው ይቀራል።

ባንኩ ግን በተቃራኒው ነው የሚያስበው። ፎቅ ለመያዣ ይመቸዋል፤ መንሸራተቻ ቢወረስ ማን ይገዛዋል? ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ ወዲህ፣ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ ባንኮች ተበዳሪ ሲመርጡ ይበልጥ ጠንቃቃ ሆነዋል። ስለዚህ የገንዳው ገንዘብ በአብዛኛው ከባለሀብቱ ኪስ ወይም ከጥቂት ሸሪኮች መምጣት ይኖርበታል።

ለስሌት ያህል ብቻ ቁጥር ይያዝ። ከዓመቱ 52 ሳምንት ለክረምት አሥር፣ ለረመዳን አራት ቢቀነስ 38 ሳምንት፣ ማለትም 76 ቅዳሜና እሑድ ይቀራል። በቀን 600 ሰው በ400 ብር ቢገባ የበሩ ገቢ 18.24 ሚሊዮን ብር ነው። በ60 ሚሊዮን ብር ብድር ቢሠራና ወለዱ 18 በመቶ ቢሆን ባንኩ በዓመት 10.8 ሚሊዮን ይወስዳል። ለደመወዝ፣ ለመብራትና ለክሎሪን 7.44 ሚሊዮን ይተርፋል፤ የምሳው፣ የሠርጉና የልደቱ ገቢ በዚህ ላይ ይጨመራል። ያው ሰው «ሪዞርት ካልተባለ አይሆንም» ብሎ ሌላ 100 ሚሊዮን ተበድሮ ክፍል ቢጨምር የክፍሉ ወለድ ብቻ 18 ሚሊዮን ይሆናል። በሩ ዓመቱን ሙሉ የሰበሰበው ገንዘብ ለዚያ ወለድ ከፍሎ የሚተርፈው 240,000 ብር ነው፤ የገንዳው ወለድ፣ ደመወዙና ክሎሪኑ ግን ገና አልተከፈሉም።